ጓዳውን ለስፌት መኪናዬ ማስለቀቅ ፈልጌ ነበር፤ እናቴ ግን «ቤቴን ባዶ አታድርጊብኝ» አለችኝ

የማርቆሷ ልብስ ሰፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። እስካሁን ገበያው አካባቢ ከሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ጥግ ይዤ ነበር የምሰፋው። አከራዬ ኪራዩን ከአቅሜ በላይ ስለጨመረብኝ ሰኔ ሳይገባ ለቅቄ ወደ ቤቴ መግባት አለብኝ። የእኛ ሥራ የሚደራው ነሐሴና ጳጉሜ ላይ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ይጎርፋል። ያን ጊዜ መኪናዬ የምትቀመጥበት ቦታ ካጣሁ ዓመቱን ሙሉ መከራዬን ነው የማየው።

ቤቱ የወላጆቼ ነው። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ከሳሎኑ ጎን ያለው ጓዳ በመንገዱ በኩል መስኮት አለው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ለስፌት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ግን እግር ማሳረፊያ የለውም።

በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ሁለት ጋን አለ። አንዱ አፉ ተሸርፏል። እናቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ጠላ ጠምቃ አታውቅም። ከጋኖቹ ኋላ የአባቴ ሞፈርና ቀንበር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ ይዞት የመጣ ነው። ከተማ ከገባ በኋላ አንድም ቀን አላረሰበትም። ጅራፉ እንኳን እንደተጠቀለለ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ባዶ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ምጣድ፣ ያ ከኋላው ሆዳም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን፣ የእኔና የወንድሞቼ ደብተር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። ጥግ ላይ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለ። ልብስና ወረቀት የተቀላቀለበት ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የአያቴ የብራና ዳዊት በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የእኔም አለበት። በየማዳበሪያው ያጠራቀምኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀላል አይደለም።

ባለፈው እሁድ አንዱን ጀሪካን ይዤ ልወጣ ስል እናቴ ከመደቡ ተነሥታ እጀታውን ያዘችው። ጀሪካኑ ቀዳዳ ነው፤ እሷም ታውቃለች። «የአባትሽን ቤት ባዶ ልታደርጊው ነው?» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ጎረቤቶቼ «ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠራርጊና ገላግይው» ይሉኛል። ይህን ማድረግ አልፈልግም። ነገር ግን ዕድሜዬን በሰው በረንዳ ላይ ልጨርስም አልፈልግም። የራሴ ቦታ ኖሮኝ አንዲት ልጅ ቀጥሬ ሙያውን ባስተምራት ደስ ይለኛል። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ። ከየት ልጀምር?

የቡሬው እህል ነጋዴ፦

እህቴ፣ እኔ የማውቀው የማዳበሪያውንና የጀሪካኑን ጉዳይ ስለሆነ እሱን ልንገርሽ።

ባዶው ማዳበሪያ በቆሎ የተያዘበት ከሆነ በስፌቱ ውስጥ ነቀዝ ተቀምጦ ይኖራል። አዲስ እህል ስትጨምሪበት ያኔ ነው የሚነሣው። ጤፍ ከሆነ ግድ የለም፤ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይሠለጥንበትም። እኛ አገር በቆሎ በብዛት ስለሚመረት ይህን በኪሳራ ነው የተማርነው። ደህና ደህናውን ለይተሽ በፈላ ውኃ ንከሪው፤ ከዚያ በደንብ ፀሐይ ይምታው። የተቀደደውን አታስቀምጪ። አይጥ የምትራባው እንዲህ ባለ ክምር ውስጥ ነው። አይጥ ካለች ደግሞ ነገ የደንበኛ ጨርቅ ትቆርጥብሻለች።

ጀሪካኑን ከማውጣትሽ በፊት ምን ሲያዝበት እንደነበር እናትሽን ጠይቂያቸው። አባትሽ ገበሬ ከነበሩ የአረም መድኃኒት የነበረበት ሊኖር ይችላል፤ ቱ ፎር ዲ የሚሉት። እሱ ታጥቦም ቢሆን ለውኃ፣ ለዘይት፣ ለጠላ አይሆንም። ለሰው አትስጪው። በሳስተሽ ከጥቅም ውጭ አድርጊው፤ እንዳታቃጥይው፣ ጭሱ መርዝ ነው። ልጆች ውኃ ሲቀዱበት ስላየሁ ነው የማሳስበው።

ሌላውን እናቶች ይንገሩሽ።

የፍኖተ ሰላሟ እናት፦

ልጄ፣ «ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠራርጊው» ያሉሽን አለመስማትሽ ደስ ብሎኛል። ተባረኪ። አማቴ እስኪያርፉ ድረስ እኔ ጋ ነበሩ። ቤቱ የሳቸው፣ ዕቃው የሳቸው፣ ልጆቹ ግን የኔ ነበሩ፤ ልጆቹ ደግሞ የሚያጠኑበት ቦታ አጡ። ስለዚህ የገባሽበትን አውቀዋለሁ።

እስቲ አስቢው። እኛ አገር ዕቃ ከቤት ተግዞ የሚወጣው መቼ ነው? ሰው ሲሞት ነው። ትዳር ሲፈርስ ነው። ዕዳ ሲመጣ ነው። መንገደኛው ዕቃ ሲወጣ ካየ «ምን ደረሰባቸው?» ነው የሚለው። እናትሽ የፈሩት ይህንን ነው። ደግሞ በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ተሰልፎ የተቀበለ ሰው ባዶ ጀሪካን መጣል አይሆንለትም። ያኔ ባዶ ጀሪካን ትልቅ ዕቃ ነበር። እኔም በዚያ ወረፋ ላይ ቆሜያለሁ፤ እናትሽን እረዳቸዋለሁ።

ስለዚህ እሳቸው ፊት «ይውጣ» አትበይ። «ለማን እንስጠው?» በያቸው።

ከአማቴ ጋር እንዲህ ነበር ያደረግነው። ፀሐይ ያለበት ቦታ ዱካ አወጣሁላቸው። ቡና አፈላሁ። ዕቃውን አንድ በአንድ እያመጣሁ ፊታቸው አስቀምጥ ነበር። ከየት እንደተገዛ፣ ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው ድግስ እንደዋለ ያወራሉ። አላቋርጣቸውም። ሲጨርሱ «እንግዲህ ለማን ይሁን?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ስም ይጠራሉ። ገንቦው ለዚያች ጠላ ለምትሸጠው፣ ሰፌዱ ለተዳረችው ልጅ። ሰጪ ሆነው ሲያዩት ዕቃው ከቤት መውጣቱን ረሱት።

አንዱን ግን እስካሁን አልረሳውም። የባለቤታቸው በርኖስ ወጣ። ብል በልቶት ጀርባው ወንፊት ሆኗል። ከትከሻው ላይ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ከዚያ አንገቱን አሸተቱት። ብዙ ቆዩ። እኔም ሲኒ ማጠብ ጀመርኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። በኋላ ምላጭ አምጪልኝ አሉ። የአንገቱን ማሰሪያ ቆርጠው በመቀነታቸው ቋጠሩና «ሌላውን ውሰጂው» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምሽ እንዳትቸኩዪ ልጄ። ያቺ ማሰሪያ ቦታ አትይዝም።

ወዳንቺ ጓዳ ስንመለስ፣ ደህናውን ጋን ለሰንበቴ ስጡት። አሁን ሁሉም ሰው በርሜልና ፕላስቲክ ነው፤ በጋን የተጠመቀ ጠላ የሚወዱ ሽማግሌዎች ግን አሁንም አሉ። እናትሽ ሰንበቴ ሲሄዱ ጋናቸውን እዚያው ያገኙታል። አፉ የተሸረፈው ግቢ ወጥቶ አመድ ይያዝበት። ሞፈሩና ቀንበሩ ደግሞ ለሚያርስ ዘመድ ነው የሚሆኑት። አባትሽ የመጡበት አገር በበሬ የሚያርስ የወንድም ልጅ አይጠፋም። እንጨት ያለሥራ ከቆመ ይነቅዛል፤ መጨረሻው ምድጃ ነው። ይህን ለእናትሽ ስትነግሪያቸው ግን ረጋ ብለሽ ይሁን፤ ውሳኔው የሳቸው ነው።

የምትጀምሪው ትዝታ ከሌለው ዕቃ ነው። ማዳበሪያ፣ ጀሪካን፣ ምጣድ። ሳጥኑን መጨረሻ ላይ አድርጊው። በሳጥኑ ከጀመርሽ እዚያው ተቀምጣችሁ ስታለቅሱ ይመሻል።

ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር። ጓዳው ባዶ ሆኖ እንዳያድር። የጸዳ ዕለት ማታውኑ መኪናሽን አስገቢ። አጠገቧ ለእናትሽ መቀመጫ አድርጊ፤ ቁልፍ ይትከሉልሽ፣ ዘርፉን ይቀምቅሙልሽ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ሲያዩ ቤታቸው ባዶ እንዳልሆነ በዓይናቸው ያዩታል።

ይህን ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ አድርጊው። ሰኔ ከገባ የማርቆስ ዝናብና ብርድ ዕቃ አውጥቶ ፀሐይ ለማስመታት አይመችም።

የባሕር ዳሩ ጠጋኝ፦

እማማ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ በአንድ ነገር ብቻ ለየት እላለሁ። ለያንዳንዱ ቀዳዳ ጀሪካን ቡና ከተፈላ ነሐሴ ይደርሳል። ሳጥኑና ቀንበሩ ጊዜ ይሰጣቸው። የተሰነጠቀ ምጣድና የተቀደደ ማዳበሪያ ግን በአንድ ጠዋት ማለቅ አለበት። እናትሽን «እማዬ፣ ዛሬ የተሰበረ ብቻ ነው የማወጣው፤ ሌላ አልነካም» በያቸው። ቃልሽንም ጠብቂ። ቃል ከጠበቅሽ ለቀጣዩ ያምኑሻል።

ቆራሌው ሲመጣ ብረታ ብረቱን ለይተሽ አቆዪ። ለመጀመሪያው አትሽጪ፤ የሌላውንም ዋጋ ስሚ። የሚለብሰው ያጣ ልብስ ካለ ደግሞ በልዋጭ ይሁን። አዲስ ሳፋ ወይም ሰሐን ይሰጡሻል። እናትሽ አሮጌ ወጥቶ አዲስ ሳፋ ሲገባ ቢያዩ ነገሩ ይቀልላቸዋል። እኔ ቤት ይህ ነው የሠራው።

ቴሌቪዥኑ የኔ ሙያ ነው። ያ ሆዳሙ ዓይነት መስተዋቱ እርሳስ አለበት። ሰብረሽ ቆሻሻ ላይ አትጣይው፤ ልጆችም በድንጋይ እንዲሰብሩት አትተዪ። ደብረ ማርቆስ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግን አይጠፋም፤ ለመለዋወጫ ይወስድልሻል። ገንዘብ ባይሰጥሽም ስጪው።

አሁን ያልጠየቅሽውን ልንገርሽ። ሰው አሰፍቶ ሳይወስድ የቀረው ልብስ ስንት አለሽ? እኔ ሱቅ መደርደሪያው ሙሉ ሰው አስጠግኖ የተወው ሬዲዮ ነበር። አዲስ ሥራ ሲመጣ ማስቀመጫ የለም። ከዚህ የባሰው ግን በሩን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሁሉ የሰው ዕቃ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ገና ሳልጀምር ይደክመኛል። አንድ ቀን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱን የማን እንደሆነ፣ ስልኩን፣ ስንት እንደቀረበት ጻፍኩ። ደወልኩ። «ከፋሲካ በፊት ካልወሰዳችሁ ሒሳቤን ለማካካስ እሸጠዋለሁ» አልኩ፤ በጽሑፍም ላክሁ። ግማሹ መጥቶ ከፍሎ ወሰደ። አንዳንዱ «ለሚያስፈልገው ስጠው» አለኝ። የቀረውን ሸጥኩት፤ በስንት እንደተሸጠ ደብተሬ ላይ አለ፤ ባለቤቱ ቢመጣ አሳየዋለሁ። አሁን ዕቃ ስቀበል ወረቀት ላይ የማንሻውን ቀን ጽፌ ነው የምሰጠው።

አንቺም ከበረንዳው ስትለቂ ያንን ሁሉ ይዘሽ ወደ ጓዳው አትግቢ። ዱቤውንም እንዲሁ። የቆየ ዱቤ ያለበትን ሰው ጠርተሽ ወይ ይክፈል፣ ወይ ማረው። በየቀኑ እያሰብሽው መኖር ለሥራ አይሆንም።

ቁርጥራጭ ጨርቅሽን በተመለከተ፣ እናቴ ትራስ ትሞላበታለች። ትልቅ ትልቁን ብቻ አስቀሪ፤ ደቃቁ ትራስ ይሁን። ትራሱን ትሸጪዋለሽ።

የዲማው ደቀ መዝሙር፦

እኔ ስለ ዳዊቱና ስለ ወረቀቱ ብቻ ልጻፍ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ስቆጥር ብዙ ብራና ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እህታችን፣ ብራና ቆዳ ነው። ሌላውን ዕቃ ፀሐይ ስታስመቺ እሱን አብረሽ አታስጪው፤ ይኮማተራል። በፌስታልም አትጠቅልይው፤ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ከመሬት ከፍ ካለ፣ ጭስ ከማይደርስበት፣ አይጥ ከማታገኘው ቦታ አስቀምጪው። ማኅደር (የቆዳ መያዣ) ካለው በማኅደሩ ይሁን። የተገነጠለ ቅጠል ካለ በሙጫና በፕላስተር እንዳትለጥፊው። እንዲሁ በቦታው አስገቢው።

«እገዛለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሊኖር ይችላል። አትሽጡት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በእጃችሁ እንዳለ በወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡት። ተመዘገበ ተብሎ አይወሰድባችሁም፤ የእናንተው ነው። ቢሰረቅ ግን መፈለጊያ ይኖረዋል። ከሁሉም በላይ የሚያነብበት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ደግሞ ሳታነቢ አንዱንም አታቃጥይ። አባትሽ ገጠር መሬት ከነበራቸው የይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ ወረቀት ሊኖር ይችላል። ሚዛን የሚደፋው እንዲህ ያለ ብጣሽ ወረቀት የሆነበት ክርክር አይቻለሁ። የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የውርስ ነገር ካለ ለብቻው በአንድ ክላሴር ይግባ። በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ለወንድሞችሽም ላኪላቸው። የትምህርት ቤት ደብተራችሁ ግን ከያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቢቀር በቂ ይመስለኛል። ሌላው ለሱቅ መጠቅለያ ይሆናል።

የማርቆሷ ልብስ ሰፊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

መጀመሪያ የተሰበረውን ብቻ በአንድ ጠዋት አወጣሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ ሌላ ነገር እንዳልነካሁ ስታይ ገብታ ሽሮዋን መንፋት ጀመረች። ከጀሪካኖቹ አንዱ እውነትም የመድኃኒት ነበር። «በእሱ አባትሽ የአረም መድኃኒት ነበር የሚይዝበት» አለችኝ። የቡሬው ወንድሜ፣ ያንን ባትነግረኝ ለጎረቤት ልሰጠው ነበር።

ጋኑን ሰንበቴ ወስዶታል። ሰዎቹ ሊሸከሙት ሲመጡ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጥታ አስረከበቻቸው። መረቋት። ማታ ለአክስቴ ስልክ ደውላ ስታወራላት ሰማኋት።

ሞፈሩን ያጎቴ ልጅ ሊወስደው ነው። ቀንበሩን ግን አይሆንም አለች። እኔም አልጨቀጨቅኋትም። ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩትና የተሰፋ ልብስ ማንጠልጠያ አደረግኩት። እሷም ተስማማች። መስቀያ ለመግዛት አስቤ ነበር፤ ቀረልኝ።

ሳጥኑን ገና አልበረበርነውም። ዳዊቱን ብቻ አውጥተን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ቡፌው ላይ አስቀምጠነዋል። የቀረውን አክስቴ ስትመጣ አብረን እናያለን ብላለች እናቴ።

እማማ እንዳሉት መኪናዬን ጓዳው በጸዳበት ዕለት ማታ አስገባኋት። አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። መስኮቱን ሰብሬ በመንገዱ በኩል በር ላውጣ ወይስ ደንበኛ በሳሎን እያለፈ ይግባ? እናቴ ሰው በሳሎን ሲያልፍባት አትወድም።

የባሕር ዳሩ ጠጋኝ፦

ቀንበሩን ልብስ መስቀያ ማድረግሽን ወድጄዋለሁ።

በር ለማውጣት አትቸኩዪ። ግድግዳ መስበር ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ፈቃድ ቢሰጡሽም ወጪው አለ፤ ያውም ዩኒፎርም ሳይመጣ። ለዘንድሮ መስኮቱ ይበቃሻል። ከሥሩ በውጭ በኩል አንድ ሳንቃ እንደ ባንኮኒ አስመቺበት። ደንበኛ በዚያ ይሰጥሻል፣ በዚያ ይወስዳል። ልኬት ሲኖር ብቻ ይግባ። ንግድ ፈቃድሽ ላይ ያለውን አድራሻም ከበረንዳው ወደ ቤትሽ ማስቀየር አትርሺ፤ ግብር ሲመጣ ያጨቃጭቃል።

የፍኖተ ሰላሟ እናት፦

በሳሎን አታሳልፊባቸው ልጄ፤ ልክ ናቸው። ለልኬት የሚገቡትን እሳቸው ቁጭ ባሉበት ሰዓት አድርጊው፤ ለሴቶቹ እሳቸው ይለኩልሽ። መኪናሽን ደግሞ ብርሃኑ በግራሽ በኩል እንዲመጣ አድርገሽ አዙሪያት። በቀኝሽ ከሆነ የእጅሽ ጥላ መርፌው ላይ ያርፋል፤ ዓይንሽ ይጎዳል።